አማቴ ያዩት ሌባ

ሌባ ቤታችን የገባ ዕለት ከሁሉ በላይ ያንገሸገሸኝ የወሰደው ዕቃ አይደለም። ሽንት ቤታችንን ተጠቅሞ ውኃ ሳይለቅበት መሄዱ ነው። የባለቤቴ የሠርግ ሐብል ሄዷል፣ አምባሯ ሄዷል፣ ላፕቶፑ ሄዷል። ለዚያ ሁሉ ስም አለው፤ ስርቆት ነው። ለዚህኛው ግን ስም አጣሁለት። ሰውየው አልቸኮለም ማለት ነው። የሰው መሳቢያ ሲገለብጥ ቆይቶ እንደ ባለቤት ገብቶ ተቀምጧል። ባለቤቴ የውስጥ ልብሷ አልጋው ላይ ተበትኖ ስታይ አለቀሰች። እኔ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እሳደብ ነበር።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጠባብ ታውንሃውስ ውስጥ ነው፤ ታች ቤዝመንት፣ መሐል ሳሎን፣ ላይ መኝታ ቤት። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ከእኛ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበርን። እኛ ሰዎች ክርስትና ከተጠራን ቤት ጠባቂ አናስቀርም፤ የቀረው ይቀየማል፣ የጠራንም ይቀየማል። የሀበሻ ቤት መቼ ባዶ እንደሚሆን ለማወቅ ሰላይ መሆን አያስፈልግም። ነጭ ለብሰን መኪና ውስጥ ስንገባ ያየን ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴ ሐብሉን ለክርስትና ይበዛል ብላ ነበር ትታው የሄደችው። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ የቤዝመንቱ የጓሮ በር ተገንጥሏል።

ፖሊስ ደወልን። ምንም እንዳንነካ፣ ውጭ እንድንጠብቅ ተነገረን። በክርስትና ልብሳችን ደጃፋችን ላይ ተቀመጥን። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ጎረቤቶች እያለፉ ሰላም አሉን፤ መልሰው ሲያልፉም ሰላም አሉን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ወጣት ፖሊስ ማስቲካ እያኘከ መጣ። ካሜራ አላችሁ? የለንም። ውሻ? የለንም። የላፕቶፑ ሲሪያል ነምበር? ማን ያውቀዋል! ቤቱን በዓይኑ ዞረው እንጂ አንድ ነገር በጣቱ አልነካም። እጁን ይዤ ላለመጎተት እየታገልኩ ሽንት ቤቱ ድረስ ወሰድኩትና፣ “ይኸው፣ ማስረጃ” አልኩት። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ።

“ውኃውን ልትለቅበት ትችላለህ” አለኝ።

ለቀቅሁበት። ያንን ቆሻሻ በገዛ እጄ ማጠቤ እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ ጥርሴን ያፋጨኛል። ፖሊሱ ኬዝ ነምበር፣ የጉዳያችንን መዝገብ ቁጥር፣ የጻፈበት ካርድ ሰጠን፤ ለኢንሹራንስ ይጠቅማችኋል አለ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ “እኛ የምንደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ቤትህን የምትጠብቀው አንተው ነህ” አለኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረው። ምናልባትም በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ እውነተኛው ነገር እሱ ነበር። ግን ለሰዓታት ደጅ ያስቀመጠን ሰው ምክር ሲሰጠኝ ደሜ ፈላ።

በማግሥቱ አጽናኞች ጎረፉ። ልክ ሰው እንደሞተብን ምግብ ይዘው መጡ። “ዋናው ጤና ነው፣ ዕቃ ይተካል” እያሉ ቁጭ አሉ። ሁሉም ስለ ሌባ ያውቃል፤ አንዱ በር ያስቀይረናል፣ አንዱ መብራት ያስተክለናል። ጀርመንታውን የሚኖር ዘመዴ ደግሞ ወንድነቴን አንስቶ ከፊቴ አስቀመጠው። “እንዴት ሴት ይዘህ ባዶ እጅህን ትተኛለህ? ፖሊስ የሚመጣው ሬሳ ለማንሳት ነው!” አለኝ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ። አንድም ሰው አልተቃወመውም። እኔንም ነገሩ ዘልቆ ገባኝ።

ምክር ያልሰጡት አማቴ ብቻ ነበሩ። ባለቤቴን የወለዱት እናት ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ካለች ታላቅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፣ እድሜያቸው ሰባዎቹን አጋምሷል። እኔ ማዘር ነው የምላቸው። ያን ዕለት ወደ ላይ ወጥተው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙና አልገባም አሉ። ሲወርዱም ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ ይኼ ክፍል ጠበል ካልተረጨ ልጅቷ እንቅልፍ አይወስዳትም” አሉኝ።

“ማዘር፣ ጠበል ሌባ አይመልስም” አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ባለቤቴ ግን ከወጥ ቤት እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የጠበል ወሬ እኔ ፊት አልተነሳም፤ በኋላ እንደገባኝ፣ እናትና ልጅ እኔ የሌለሁበትን ሰዓት ሊጠብቁ ተስማምተው ነበር።

እኔ ሽጉጥ ልገዛ ተነሳሁ። ሜሪላንድ ዝም ብሎ አይሸጥም፤ ኮርስ ትወስዳለህ፣ የጣት አሻራ ትሰጣለህ። አሻራ የምትወስደዋ ሴትዮ አሥሩንም ጣቶቼን አንድ በአንድ የማሽኑ መስታወት ላይ እየተጫነች ስታነሳ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ንዴቴ። ቤቴን የገለበጠው ሰው ጣት በየመሳቢያው ላይ አለ፤ የሚፈልገው የለም። የተዘረፍኩት የእኔ ጣት ግን በመንግሥት ኮምፒውተር ተቀመጠ። የኮርሱ አስተማሪ ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር፤ “ከማነጣጠርህ በፊት ማን እንደሆነ እወቅ” አለን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሽጉጡ ቤት ከገባ በኋላ አረማመዴ ሳይቀር ተቀየረ። ቤዝመንቱ ውስጥ ባለ ኮድ ሣጥን ገዝቼ ቆለፍኩበት፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየወረድኩ ከፍቼ አየዋለሁ፣ እጄ ላይ እመዝነዋለሁ። ለበር የገዛሁት ካሜራ ግን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ እሱን ለመትከል አንድ ቅዳሜ እንኳ አላገኘሁም። ባለቤቴ፣ “ይኼ ነገር ቤቴ ውስጥ እያለ እንዴት ልተኛ?” ስትለኝ፣ “እንቅልፍ የነሳሽ ሌባው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም” አልኳት። ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረች። ያን ጊዜም ጥፋቱ የሌባው ነው አልኩ።

አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ጥገና ነው የምሠራው። አንድ የሥራ ቀን፣ እንግዳ ስለቀነሰ ግማሾቻችንን በቀትር አሰናበቱን። መንገዱ ክፍት ስለነበር ቶሎ ደረስኩ። ጫማዬ ከቦይለር ክፍል የመጣ ጭቃና ዘይት ስለነበረበት ሳሎኑን ላለማበላሸት በጓሮ ዞሬ በቤዝመንቱ በር ገባሁ። ጃኬቴን አውልቄ ጫማዬን እየፈታሁ ሳለ ከላይ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል ኮቴ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት። ቤቱ ውስጥ ሊኖር የሚገባ ሌላ ሰው የለም። ያ ሰውዬ ተመልሶ መጣ አልኩ፤ እንደገና ሊቀመጥብን ነው።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ መቆለፍ እችል ነበር፤ አልወጣሁም። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ሽጉጡን ጥይት አጎረስኩት፣ በካልሲዬ ደረጃውን ወጣሁ። ሳሎን ማንም የለም። ከመኝታ ቤት ሹክሹክታ ይሰማል፤ ሁለት ናቸው ብዬ አሰብኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ማስመሰል ስለማልፈልግ እናገረዋለሁ፤ ደስታም ነበረበት። አገኘሁህ የሚል ደስታ ነበር። ወደ ላይ ወጥቼ የመኝታ ቤቱን በር በእግሬ ገፋ አድርጌ ሽጉጡን ቀጥ አድርጌ ዘረጋሁት፤ ጣቴም መሆን የሌለበት ቦታ ነበር።

ነጠላ ነው ያየሁት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ አንድ እጃቸው በውኃ ጠርሙስ የተቀዳ ጠበል ይዞ፣ አንድ እጃቸው አልጋችን ላይ እየረጨ፣ አማቴ “አባታችን ሆይ” እየደገሙ ነበር። የሰማሁት ሹክሹክታ እሱ ነው። ነጠላ መሆኑን ካየሁ በኋላ እጄ ቶሎ አልወረደም። አንድ ትንፋሽ ያህል እዚያው ቆየ። ያችን አንድ ትንፋሽ ሰው ቢጠይቀኝ የማስረዳበት ቃል የለኝም።

ድምፅ ሳላሰማ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሽጉጡን ሣጥኑ ውስጥ መልሼ ቆለፍኩ፤ ጃኬቴን ሸሚዜ ላይ ደረብኩ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ በጓሮ ወጣሁ። ቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ ስደርስ ቁርሴን በሙሉ አስመለስኩ። አፌን እየጠረግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ናት።

“የት ነህ? ቤት ውስጥ ሌባ አለ! እማዬ ኮል አደረገችኝ፣ መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ተደብቃለች! ሽጉጥ ይዟል አለች! ናይን ዋን ዋን ደውያለሁ፣ ፖሊስ እየመጣ ነው!”

እዚያው፣ የራሴ ትውከት ፊቴ እያለ፣ “እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው።

“እየመጣሁ ነው፣ ደርሻለሁ” አልኳት።

ስልኩ ሳይዘጋ ሳይረን ተሰማ። ስንዘረፍ ማምሻውን አንድ ሰው የላኩልን፣ አሁን የታጠቀ ሰው አለ ሲባል ሦስት መኪና ሙሉ በደቂቃዎች ደረሱ። ከጓሮ እጄን አንስቼ ወጣሁ። ባለቤትየው ነኝ፣ አማቴ ላይ አሉ እያልኩ ስጮህ ፊቴን ወደ መኪናው አዙረው ፈተሹኝ። ምንም አልያዝኩም። መታወቂያዬን አይተው ለቀቁኝና ቤቱን ክፍል በክፍል ፈተሹ። ከዚያ አማቴን ይዘው ወጡ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ የጠበሉ ጠርሙስ አሁንም እጃቸው ላይ አለ። እጃቸውን ይዤ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳቸው። “ተመስገን፣ አንተ ሳትኖር ሆነ” አሉኝ።

አንዷ ፖሊስ ደብተሯን አወጣች። እንግሊዝኛ ይችላሉ ወይ አለችኝ። አይችሉም አልኳት። እንግዲያው አንተ አስተርጉምልኝ አለች።

አማቴ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ ተናገሩ። “እየጸለይኩ ነበር። ቀና ስል በቁም ሣጥኑ መስታወት ውስጥ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱን በሩ ጋርዶታል፤ እጁን ነው ያየሁት። ሰማያዊ እጅጌ ነው። ሽጉጡን ጀርባዬ ላይ ደግኗል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጌታዬ፣ ሬሳዬን ልጄ እንዳታገኘው፣ ሌላ ሰው ያግኘኝ አልኩ። ስገልጥ የለም። እንዲህ ብለህ ንገራት።”

የሥራ ሸሚዜ ሰማያዊ ነው። ጃኬቱን የደረብኩት በርዶኝ ነው እያልኩ ራሴን ላሳምን ሞክሬያለሁ፤ አልተሳካልኝም።

ለፖሊሷ እንዲህ አልኳት፦ “ሲጸልዩ መስታወት ውስጥ የሆነ ነገር ያዩ መሰላቸው። ዓይናቸው ደካማ ነው። ከተዘረፍን ወዲህ በጣም ይፈራሉ።”

“የማስታወስ ችግር አለባቸው?” አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“አንዳንዴ ይረሳሉ” አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች ሁለት ቃል የቆሸሸ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ውኃ የማይለቀቅበት ቆሻሻ ነው። ፖሊሷ ደብተሯን ዘጋች። ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ቤዝመንት ተቆልፎበታል አልኩ። ባልደረባዋ ወርዶ ሣጥኑን ነቀነቀና ተመለሰ፤ እንደተቆለፈ ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ “ጥሩ ነው፤ ሁሉም ሰው እንዳንተ ኃላፊነት ቢሰማው” አለኝ።

መኪኖቹ ሲሄዱ አማቴ፣ “ነገርካቸው?” አሉኝ።

“ነገርኳቸው ማዘር።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም።”

አሁንም አሁንም አዩኝ። ከዚያ ጫማዬን አምጣልኝ አሉ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሠራሁትን ሥራ ቁጭ ብዬ ተመለከትኩት። ፖሊሶቹ ማንም አልነበረም ብለው ስለሄዱ፣ ባለቤቴ ስለ እናቷ መጨነቅ ጀመረች። እህቷም ተጨነቀች። ስልክ ላይ ሹክ ይባባላሉ፤ “ቅዠት ጀምሯታል”፣ “ምድጃ ክፍት ብትተውስ?” ብቻዋን ሰው ቤት አትሂድ ተባለ። ምጣድ፣ ጋዝ፣ ባለቤቴ ለጠበሉ ብላ የሰጠቻቸው የቤታችን ቁልፍ፣ ሁሉም ከእጃቸው ተወሰደ። የባለቤቴ አክስት ሳትቀር ጌይተርስበርግ ሆና ወሬው ደረሳት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከገብርኤል እስከ ገብርኤል የሁሉንም ልጅ ልደት በቃላቸው የሚይዙ ሴት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አእምሯቸው የሸሸ አሮጊት ሆኑ። አማቴ አልተከራከሩም። እኔ ሥራ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እራት እበላለሁ። ልናገር ነው እያልኩ አፌን እከፍትና ጨው አቀብዪኝ እላለሁ። ሽጉጡን መልሼ ሸጥኩት፤ ባለቤቴ ለእሷ ብዬ ያደረግሁት መስሏት አቀፈችኝ። መታቀፉም አስጠላኝ።

በመጨረሻ ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ተያዘላቸው፤ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጆቻቸው ሁለቱም ሥራ ስለገቡ የምወስዳቸው እኔ ሆንኩ። መንገድ ላይ ስለ መኪና መጨናነቅ ብቻ አወራን። ክፍሉ ውስጥ ገብተን እንደተቀመጥን ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ከፈተ፤ አስተርጓሚ ሊጠራ ነው።

“እኔ አስተረጉማለሁ፣ ቤተሰብ ነኝ” አልኩት ፈጥኜ።

“በቤተሰብ አናስተረጉምም” አለኝ ፈገግ ብሎ።

ከስልኩ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ መጣ። “ጤና ይስጥልኝ እናቴ። የሚናገሩትን ሁሉ እንዳለ አስተረጉማለሁ” አለቻቸው። ዶክተሩ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብሎ ጀመረ። አማቴ ሳያመነቱ፣ “ኅዳር ሚካኤል ነው” አሉ፤ ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ ቁጥር ተናገሩ። ዶክተሩ ዓመቱን ሲሰማ ቅንድቡን አነሳ። አስተርጓሚዋ የእኛ አቆጣጠር የተለየ መሆኑንና ቀኑም ዓመቱም ልክ መሆኑን አስረዳችው። የሰጣቸውን ቃላት መልሰው ደገሙለት፤ ሰዓት ሥለው አሳዩት። ሁሉንም አለፉ። እኔ ወንበሩ ላይ እየቀለጥኩ ነበር። ከዚያ ዶክተሩ ወረቀቱን አየት አደረገና፣ ሌሎች የሌለ ነው የሚሉትን ነገር ወይም ሰው አይተው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀ።

አማቴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ። ወደ እኔ አልዞሩም። ለስልኩ ነው የተናገሩት።

“ልጄ፣ ያየሁት ሰው ያለ ሰው ነው። እዚህ አጠገቤ የተቀመጠው የልጄ ባል ነው። ያን ዕለት አላወቅኩትም፤ እጁን ብቻ ነው ያየሁት። ያወቅኩት ፖሊሷ ስትጠይቀኝ ነው። እኔ ያንን ሁሉ ተናግሬ እሱ ሁለት ቃል ብሎ ሲያቆም አወቅኩት። ሌባ መስዬው ነው፤ ይኼን ይቅር ብዬዋለሁ። ራሱ እስኪናገር ብዬ ይኸው እብድ ሆኜ ጠበቅሁት። አልታመምኩም። እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፣ ሳታሳጥሪ።”

 አስተርጓሚዋ በጠራ እንግሊዝኛ ጀመረች። አንዲት ቃል አላሳጠረችም።